በጆሮ የገባና በወረቀት የሰፈረ ምክር

(በወረታ ለፎገራ ሜዳ ገበሬዎችና ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ዘር ወይም ስለ ማዳበሪያ አይደለም፤ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ የሚሰጠው ምክር ከተሰጠ በኋላ ምን እንደሚሆን ነው። ምክር በጆሮ ሲገባ በሰው ልብ ምን ያህሉ ይቀራል? በወረቀት ሲሰፍርስ ማን ያገኘዋል? ነገሩ ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን በዚሁ ምክንያት ብር ሲጠፋ፣ ሰብል ሲጋሽብ፣ የሰውም ጤና ለአደጋ ሲቀርብ ስላየሁ፣ ራሱን የቻለ ንግግር የሚገባው መስሎኛል።

አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ከእርሻ ኮሌጅ ተመርቄ ሥራ በጀመርሁበት ዓመት፣ በሰኔ መግቢያ፣ በአንድ ቀበሌ ገበሬዎችን ከቤተ ክርስቲያን መልስ በዛፍ ጥላ ሥር ሰብስቤ ስለ ሩዝ አመራረት አስተማርሁ። ከወረቀት እያነበብሁ የዘሩን መጠን፣ የመስመሩን ርቀት፣ የዩሪያውን ልክና ጊዜ፣ የአረሙን ወራት፣ የመድኃኒቱን አበጣበጥ፣ የአጨዳውንም ምልክት አንድ በአንድ ተናገርሁ። በመጨረሻም «ገባችሁ?» ብል ሁሉም «ገብቶናል» አሉ። መርቀው ሸኙኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተመለስሁ።

በጥቅምት ወደዚያው ቀበሌ ስሄድ አንድ አረጋዊ እጄን ይዘው ወደ ማሳቸው ወሰዱኝ። ሩዛቸው ጠቁሮ እስኪታይ ድረስ ለምልሞ፣ ከልክ በላይ ረዝሞ፣ መሬት ላይ ተጋድሞ ነበር። «አባቴ፣ ዩሪያ ስንት ጨመሩበት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አንተው እንዳልኸው ነው፤ መቶ ኪሎ፣ በሁለት ጊዜ» አሉኝ።

እኔ የተናገርሁት 100 ኪሎ ለ1 ሄክታር ነበር። (ይህን ቁጥር ለዛሬው ነገር ምሳሌ ብቻ አድርጋችሁ ያዙት፤ ልኩ እንደ አፈሩና እንደ ዝርያው ስለሚለያይ ለየማሳችሁ የሚሆነውን ከጣቢያ ሠራተኛችሁ ጠይቁ።) የእርሳቸው ሩዝ ግን አንድ ጥማድ ብቻ ነው። በአገራችን 4 ጥማድ 1 ሄክታር ሆኖ ስለሚቈጠር፣ ይበቃቸው የነበረው 25 ኪሎ ነው። እርሳቸው አራት እጥፍ አደረጉበት። ሁለተኛውን የ50 ኪሎ ጆንያ የገዙትም በግ ሸጠው ነው። «እኔ እኮ ለሄክታር ነው ያልሁት» ብላቸው ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ መቶ ያልኸው አንተ ነህ፤ መቶውን አልረሳሁትም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የሰሙትን አልረሱም፤ ስንፍናም አላደረጉም። ጥፋቱ ከአነጋገሬ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው ይህን ነገር መመርመር የጀመርሁት።

ቃል የሚይዘውና የሚጥለው

አባቶቻችን ቃልን እንደ ዋዛ አያዩትም፤ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላሉ። እነዚያው አባቶች ደግሞ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ሁለቱ ተረቶች የሚጣሉ ይመስላሉ፤ ግን አይጣሉም። ፊተኛው ስለ ተናጋሪው ታማኝነት ነው፤ ሁለተኛው ስለ ሰሚው አእምሮ ነው። ሰው ታማኝ ሆኖ ሳለ አእምሮው ሊጥልበት ይችላል።

በቃል የሚነገር ምክር ታላቅ ኃይል አለው። የተናጋሪው ድምፅና ፊት አብሮት ይመጣል፤ የምናምነው ሰው ሲነግረን ልባችን ይቀበላል፤ ያልገባንንም ወዲያው ለመጠየቅ እንችላለን። ለዚህ ሩቅ ምሳሌ አያስፈልገንም። ሩዝ ወደዚህ ሜዳ የመጣው በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች እርዳታ ሲሆን፣ መጀመሪያ የተሞከረው በደራ ወረዳ በጅግና፣ በፎገራ ወረዳ ደግሞ በሻጋ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነበር። ብዙ ዘመን የዘራነው «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያው ቦታ ነው። ከዚያ ወዲህ ውሃ የሚተኛበትን መሬት ሩዝ መዝራት፣ ሩዙንም ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ መጋገር፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት የተላለፈው ይበልጡን በማየትና በመነጋገር ነው። እንዴት እንደሚሠራ የሚነገር ነገር፣ ይልቁንም በዓይን እየታየ ሲነገር፣ በቃል መልካም ሆኖ ይተላለፋል።

ቃል የሚጥለው ነገር ግን አለ። ንግግር የሚሮጠው በተናጋሪው ፍጥነት ነው፤ ያመለጠንን ወደ ኋላ ተመልሰን አንሰማውም። አእምሮም በአንድ ጊዜ ጨብጦ የሚይዘው አዲስ ነገር ጥቂት ነው። ጆርጅ ሚለር የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1956 እ.ኤ.አ. ይህን ልክ ወደ 7 አድርጎ ገምቶት ነበር፤ ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ደግሞ ወደ 4 አወረዱት። እንግዲህ እኔ በዚያ ዛፍ ሥር ከ10 የማያንሱ ቁጥሮችን አከታትዬ መናገሬ በእፍኝ ላይ ቁና እንደ መስፈር ነበር።

ከተያዘውም ውስጥ ብዙው ቶሎ ይፈስሳል። ኸርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ትርጕም የሌላቸውን ቃላት እያጠና ራሱን ፈትኖ ነበር፤ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ካጠናው ከአንድ ሰዓት በኋላ ከግማሽ በላይ እንደ ጠፋበት ገለጠ። ትርጕም ያለው ነገር ከዚህ ይልቅ ይቈያል፤ ለሰሚው ትርጕም የሌለው ግን እንደዚያው ይሄዳል። «ሄክታር» የሚለው ቃል መሬታቸውን በጥማድ ለሚቈጥሩት አረጋዊ እንግዳ ስለ ሆነ ወደቀ፤ «መቶ» የሚለው ግን የሚያውቁት ስለ ሆነ ቀረ። ደግሞም ከረጅም ንግግር የሚታወሰው መጀመሪያውና መጨረሻው ነው፤ መካከሉ ይጠፋል። ወዲያው ሌላ ወሬ ከተጀመረ መጨረሻውም አብሮ ይሄዳል።

ቃሉ ሁለተኛና ሦስተኛ አፍ ሲደርስ ጉዳቱ ይብሳል። ብዙ ጊዜ በስብሰባ የሚገኘው ባል ነው፤ በአረሙ ላይ የሚውሉት ግን ሚስትና ልጆችም ናቸው። እነርሱ ምክሩን የሚያገኙት ሁለተኛ እጅ ነው። የእንግሊዙ ሊቅ ፍሬድሪክ ባርትሌት በ1932 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ አንድ ታሪክ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ እያጠረ ይሄዳል፤ እንግዳ የሆነው ይጣላል፤ በቦታውም ሰሚው የለመደው ነገር ይገባል።

የጓያን ነገር ተመልከቱ። ከሩዝ በኋላ በቀሪው እርጥበት ጓያ እንዘራለን። ጓያ እግር እንደሚያሽመደምድ በዚህ ሜዳ የሚታወቅ ነው፤ ይህን ዕውቀት ያቆየልን ቃል ነው። ነገር ግን ጉዳቱ የሚመጣው ከሚቀቀለው ጓያ እንፋሎት ወይም በገለባው ላይ ከመተኛት ነው የሚል ሰው አለ። እውነቱ እንዲህ አይደለም። ጓያ ለሁለትና ለሦስት ወር ዋና ምግብ ሆኖ በብዛት ሲበላ፣ በውስጡ ያለው መርዝ ነው እግርን የሚያሽመደምደው። እነሆ ቃል አደጋውን ጠብቆ አቆየ፤ «ምን ያህል» እና «ለስንት ጊዜ» የሚለውን ግን ጣለው። የቃል ጠባዩ ይኸው ነው፤ ነገሩን ይይዛል፣ ቁጥሩን ይጥላል።

ወረቀት የሚይዘውና የሚጥለው

እንግዲያስ ምክሩን ሁሉ በወረቀት እናድርገው ይባል ይሆናል። በእርግጥ ወረቀት ቁጥርን አይረሳም፤ ዛሬ ያለው ከዓመት በኋላም ያው ነው። የመሬታችንን ስፋትና አዋሳኝ በሽማግሌ ምስክርነት ብቻ ሳንተው በይዞታ ደብተር ማስፈራችንም ስለዚህ ነው።

ወረቀት ግን የራሱ ጉድለት አለው። ሲጠይቁት አይመልስም፤ ለማያነብም ዲዳ ነው። እኔ ያደልሁትን በራሪ ወረቀት በገበያ በርበሬ ተጠቅልሎበት አግኝቼዋለሁ። ሴትዮዋን አልወቀስኋትም፤ ወረቀቱ ለእርሷ ከዚያ የሚበልጥ ጥቅም አልሰጣትም ነበርና።

ፊደል የቈጠረ ሁሉ ደግሞ እኩል አያነብም። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የለዩ አባቶችና እናቶች በየቀበሌው አሉ። ነገር ግን ፊደል በፊደል እየለቀመ የሚያነብ ሰው ሐሳቡ ሁሉ በፊደሉ ላይ ስለሚያልቅ፣ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ይጠፋበታል። እንዲህ ላለው ሰው ሁለት ገጽ ከመስጠት በትልቅ ፊደል የተጻፈ አንድ መሥመር መስጠት ይሻላል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ጽሑፉ ከነገሩ ሲለይ ነው። አንዳንድ ሰው ሙሉው ስለሚወደድበት ለሽንኩርቱ ወይም ለሩዙ የሚበቃውን መድኃኒት ብቻ በሃይላንድ ጠርሙስ አስቀድቶ ይሄዳል። ስሙ፣ ልኩ፣ የአደጋውም ምልክት በዋናው ዕቃ ላይ ቀረ ማለት ነው። የቀረው ሻጩ በአፉ የነገረው ቁጥር ብቻ ነው፤ እርሱም ቤት እስኪደርስ ከሌላ ወሬ ጋር ይጋፋል። ቱ ፎር ዲ የተባለው ፀረ አረም በልኩና በጊዜው ሲረጭ ቅጠለ ሰፊውን አረም አጥፍቶ ሩዙን ይተዋል፤ ያንኑ በጓያ ወይም በሽምብራ ላይ የረጨ ሰው ግን ሰብሉን ራሱን ያጠፋል። ስም በሌለው ጠርሙስ ውስጥ ያለውን ማን ይለየዋል? በጓዳ የተቀመጠውንስ ልጅ ውሃ መስሎት ያነሣው እንደ ሆነ?

መድኃኒት የሚሠሩ ሰዎች ማንበብ ለማይችል ሰው ብለው በዕቃው ላይ የቀለም ምልክት ያደርጋሉ። ቀይ እጅግ አደገኛ፣ ቢጫ መካከለኛ፣ ሰማያዊ ከዚያ ያነሰ፣ አረንጓዴ ከሁሉ ያነሰ ማለት ነው። አረንጓዴም ቢሆን ይጠጣል ማለት አይደለም። ይህ ቀለም የሚጠቅመን ግን መድኃኒቱ በራሱ ዕቃ ውስጥ ሲቈይ ብቻ ነው።

በቃልና በወረቀት መካከል የሚቆም መሣሪያም አለ። በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ 8028 የተባለውን የስልክ መሥመር ሲጀምር ሐሳቡ ገበሬው በነፃ ደውሎ፣ በቋንቋው የተቀዳውን የግብርና ምክር እንዲያዳምጥ ነበር። የዚህ ዓይነቱ አሠራር ትልቁ ጥቅም ያመለጠውን ደግሞ መስማት መቻሉ ነው። ነገር ግን የተቀዳ ድምፅ ማሳችሁን አያውቀውም፤ ሄክታሩን ወደ ጥማድ የሚመልስላችሁ አሁንም ሰው ነው።

የድጓ ቤት ምሳሌ

የዚህን ነገር መፍትሔ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ በዚሁ በደቡብ ጎንደር እናገኘዋለን። ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት፤ ዙር አምባም የዝማሬና የመዋሥዕት። እምነታችን ልዩ ልዩ ቢሆንም ከእነዚህ ሊቃውንት የአያያዝ ጥበብን ሁላችን ልንማር እንችላለን። ተማሪው ማታ ማታ ያለ መጽሐፍ በቃሉ ያጠናል። መምህሩ ይላል፤ ተማሪው ይቀበላል፤ ቢስት ይታረማል፤ ደግሞ ይላል። በማግስቱም ከዚያው ይጀምራል። አንድ ጊዜ ሰምቶ «ገብቶኛል» ብሎ የሚሄድ ተማሪ የለም።

ቃልን እንዲህ አድርገው የሚይዙት ሊቃውንት ግን ቃልን ብቻ አላመኑም። በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንደ ሠሩ ይነገራል። ምልክቱ ረጅም ጽሑፍ አይደለም፤ ከንባቡ በላይ የምትቀመጥ ትንሽ ፊደል ናት። ዜማውን ላልተማረ ሰው ምንም አትነግረውም፤ ለተማረው ግን በጆሮው የሰማውን ሁሉ ታስነሣለታለች።

እኛም ማድረግ የሚገባን ይኸው ነው። ነገሩን በቃል እናስተምር፤ ቁጥሩን በትንሽ ምልክት እናስቀምጥ። ረጅሙ ወረቀት ቃልን ሊተካ አይችልም፤ ትንሽዋ ምልክት ግን ቃልን ትጠብቃለች።

መልሶ የማለቱን ጥቅም የዛሬ ተመራማሪዎችም አረጋግጠውታል። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ አንዱን የተማሪ ቡድን አንድ ጽሑፍ ደጋግሞ እንዲያነብ፣ ሌላውን አንብቦ ካየ በኋላ ሳያይ እንዲጽፈው አደረጉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ 81 ከመቶ ሲያስታውሱ ሌሎቹ 75 ከመቶ አስታወሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደጋግመው ያነበቡት 42 ከመቶ፣ ሳያዩ መልሰው የጻፉት 56 ከመቶ አስታወሱ። ስለዚህ በስብሰባው ቀን የገባን መስሎ የሚታየን ነገር በሳምንቱ የሚቀርልን አይደለም፤ የሚቀርልን ከራሳችን አፍ መልሰን ያወጣነው ነው።

ምን እናድርግ?

ከሰባትና ከስምንት ምክር ሦስት ይበቃል ብያለሁና፣ ለእያንዳንዳችሁ ሦስት ብቻ እነግራለሁ።

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች፦

1ኛ. በአንድ ቀን ከሦስት ነገር በላይ አታስተምሩ። ዋናውን ነገር በመጀመሪያ ተናገሩት፤ በመጨረሻም ድገሙት።

2ኛ. ቁጥሩን በገበሬው መስፈሪያ ተናገሩ። «100 ኪሎ ለሄክታር» ከማለት «ለአንድ ጥማድ ግማሽ ጆንያ፤ በሁለት ጊዜ ሲሆን በየጊዜው ሩብ ጆንያ» በሉ። ጆንያውም ባለ 50 ኪሎ መሆኑን አሳዩ። የመድኃኒቱንም ልክ በመስፈሪያው ላይ መሥመር አስምራችሁ አሳዩ።

3ኛ. «ገባችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ማንም አልገባኝም ብሎ በሰው ፊት ራሱን አያሳፍርምና። ይልቁንም «እስቲ ለባለቤትዎ እንዴት አድርገው እንደሚነግሯቸው ይንገሩኝ» በሉ። ከሳምንት በኋላም ተመልሳችሁ ደግማችሁ ጠይቁ።

ለገበሬዎች፦

1ኛ. ቁጥር ስትሰሙ «ለስንት መሬት?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህች አንዲት ጥያቄ ለእኚያ አረጋዊ በጋቸውን ታተርፍላቸው ነበር።

2ኛ. ቁጥሩን ከቤት እስክትደርሱ አትመኑት። ተማሪ ልጅ ካላችሁ በደብተሩ ያስፍርላችሁ፤ ማታም ጮክ ብሎ ለቤተሰቡ ሁሉ ያንብብ። ልጅ ከሌለ በጆንያው ላይ በከሰል አንድ መሥመር ለአንድ ጥማድ አስምሩ፤ ወይም በገመድ ቋጠሮ ያዙት። የሚረሳ ሰው ብቻ አይደለም ምልክት የሚያደርገው፤ የድጓው ሊቅም ምልክት አለው።

3ኛ. መድኃኒትን ከራሱ ዕቃ አታውጡ። በውሃ ጠርሙስ ቅዱልኝ አትበሉ፤ ቢቀዱላችሁም አትቀበሉ። ሙሉው የሚወደድባችሁ እንደ ሆነ ከጎረቤት ጋር ተባብራችሁ በዋናው ዕቃ ግዙ፤ ልጅ ከማይደርስበት ቦታም ቈልፉበት።

እኚያ አረጋዊ በተከታዩ ዓመት ሩዛቸውን ሲዘሩ ጠርተውኝ ነበር። ጆንያውን ከፊቴ አስቀምጠው ወገቡ ላይ በከሰል አሰመሩበት፤ ከመሥመሩ በላይ ያለውን ደግሞ እኩል ከፈሉና «ይኸ ለአሁን፣ ይኸ ለኋላ፤ ከመሥመሩ በታች ያለው የዚህ ጥማድ አይደለም። አሁንስ አወቅሁ?» አሉኝ። ከእኔ ይልቅ አሳጥረው ተናገሩት። መልካሙን የማስተማር ዘዴ ያየሁት ከኮሌጁ መምህራን ብቻ ሳይሆን በዚያች ጆንያ ላይ ነው።

እንግዲህ ንግግሬ እዚህ ላይ ይብቃ። ነገር ግን አጨብጭባችሁ እንድትሄዱ አልፈልግም። እያንዳንዳችሁ ከጎናችሁ ወዳለው ሰው ዞር በሉና ሦስቱን ነገር ንገሩት፤ የረሳችሁት ካለ እርሱ ያስታውሳችሁ፤ ሁለታችሁም ከረሳችሁት ጥፋቱ የእኔ ነውና ጠይቁኝ፤ ደግሜ እነግራችኋለሁ።